ዐዋቂ ለምን ዳግመኛ ይማራል? ስለ ፕሮግራም ጸሓፊዎች አጭር ከፍተኛ ትምህርት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሳይማር ዐዋቂ ለመባል ለሚቸኩል ሰው ነው። እኔ በዚህች ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ ግን ከዚያ ጥቂት ይለያል፤ ይኸውም፣ ተምሮ የጠመጠመ፣ ሥራ ይዞ ደመወዝ የሚበላ ሰው ዳግመኛ ተማሪ መሆን ያስፈልገዋልን? የሚል ነው። ለምሳሌ የመረጥኩት የኮምፒዩተር ፕሮግራም የመጻፍን ሙያ ነው። ምክንያቱም ዛሬ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ባንክ ቤት ገንዘብ ስናወጣም ሆነ የፈተና ውጤታችንን ስንጠብቅ፣ ጉዳያችንን የሚያቃናው ወይም የሚያጣምመው አንድ የማናውቀው ሰው የጻፈው ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራም ማለት ለኮምፒዩተር በቅደም ተከተል የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተር ፈጣን ነው እንጂ አስተዋይ አይደለም። ትእዛዙ ከጐደለ ጉድለቱን አይሞላም፤ ከተሳሳተም ስሕተቱን በፍጥነት ይፈጽመዋል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ሁለት ዓይነት ትምህርት አለ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የሚጻፍበትን ቋንቋ መማር ነው፤ ይህ ለጀማሪ ነው። ሁለተኛው ግን የተጻፈው ትእዛዝ ሁል ጊዜ እውነተኛ መልስ መስጠቱንና ጊዜ አለማባከኑን መመርመር ነው። በሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የሚሰጠው አጭርና ጥብቅ ትምህርት ይህን ሁለተኛውን ይመለከታል። አጭር ሊሆን የቻለውም ተማሪው ቋንቋውንና የሥራውን ልምድ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ዐዋቂ ዳግመኛ መማሩ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እኛ የጎጃም ልጆች የቅኔ ተማሪ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው ሲሻገር እየሰማን አድገናል። ድጓን በየደብሩ የተማረ ሊቅ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን የተማረም ወደ ዙር አምባ ሄዶ፣ የሚያውቀውን ከዋናው መምህር ፊት እንደ ገና ያዘልቃል፤ ይህም ማስመስከር ይባላል። ሊቁ ወደዚያ የሚሄደው ዜማውን ስለማያውቅ አይደለም፤ ያወቀው ነገር እንከን እንደሌለበት እንዲመረመርለት ነው።

በውጭ አገርም በፕሮግራም ጸሓፊዎች ዘንድ ይህንን የመሰለ ነገር ተደርጓል። ጆን ቤንትሊ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በቤል ላቦራቶሪና በአይቢኤም ለሚሠሩ ባለሙያዎች ትምህርት ሲሰጥ፣ ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ያቀርብላቸው ነበር። ይኸውም በቅደም ተከተል ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ አንዱን ነገር እየከፈሉ የሚፈልግ ፕሮግራም ጻፉ የሚል ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ይሰጣቸዋል። ጊዜው ሲያልቅ ሥራቸውን በጥንቃቄ እንዲመረምሩ ሲያደርጋቸው፣ ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት በገዛ ጽሑፋቸው ውስጥ ስሕተት ያገኙ ነበር። ቤንትሊ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል። እንግዲህ ተማሪዎቹ ጀማሪዎች ሳይሆኑ በሙያው የሚኖሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ልብ እንበል።

አንባቢ ሆይ፤ ጥያቄው ምን ያህል ቀላል መስሎ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለመረዳት ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። እኔም ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የሞከርኩት በደብተር ነው። የ60 ተማሪዎችን ስም በፊደል ተራ ጽፈን ከ1 እስከ 60 ቍጥር ሰጠናቸው። አንድን ስም ከመጀመሪያ ጀምሮ አንድ በአንድ ብንፈልግ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ከሆነ 60 ጊዜ ማየት ግድ ይሆንብናል። እየከፈልን ብንፈልግ ግን መጀመሪያ 30ኛውን ስም እናያለን። የምንፈልገው ስም ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ከሆነ የፊተኛውን ግማሽ በሙሉ እንተወዋለን፤ በቀረውም እንደዚሁ እናደርጋለን። የሚቀረን ስም ቢበዛ 30፣ ቀጥሎ 15፣ ቀጥሎ 7፣ ቀጥሎ 3፣ በመጨረሻም 1 ይሆናል። ስለዚህ ቢበዛ በ6 እይታ መልሱን እናገኛለን።

ዝርዝሩ እያደገ ሲሄድ ጥቅሙ ይበልጥ ይገለጣል። 4,000 ስም ላለበት መዝገብ 12 እይታ፣ ለ1,000,000 ስም 20 እይታ፣ ለ5,000,000 ስም ደግሞ 23 እይታ ይበቃል። የተሻለ ማሽን ሳይገዛ፣ በማሰብ ብቻ ይህን ያህል ድካም ይቀራል። የከፍተኛው ትምህርት አንዱ ክፍል ይኸው ነው፤ ከመጻፍ በፊት የእርምጃውን ብዛት መቍጠር።

ስሕተቱስ የት ላይ ነው? ፍለጋው የሚካሄድበትን ወሰን ፊተኛና ኋለኛ ብለን እንሰይም። መካከለኛውን ለማግኘት ሁለቱን ደምረን ለ2 እናካፍላለን፤ ግማሽ ከተረፈ እንጥለዋለን። የምንፈልገው ስም ከመካከለኛው በኋላ ከሆነ ፊተኛው ቍጥር መካከለኛው ሲደመር 1 መሆን አለበት። አንድ ሰው ይህችን 1 ቢረሳና ፊተኛውን ከመካከለኛው ጋር እኩል ቢያደርግስ? ፊተኛው 59፣ ኋለኛው 60 ሲሆን ድምሩ 119 ነው፤ ለ2 ሲካፈል 59 ይሆናል። ፊተኛው እንደ ገና 59 ሆነ ማለት ነው። ሰው ቢሆን «ይህን አይቼዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ኮምፒዩተር ግን 59ኛውን ስም ያለ ማቋረጥ ሲያይ ይኖራል። ፕሮግራሙ በብዙ ስሞች ላይ ሲሞከር ትክክል ይመስላል፤ የሚወድቀው እንደዚህ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው በዚህም ይሠራል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን የመምህሩ የራሱ ዕጣ ነው። ጆሹዋ ብሎክ የተባለ መሐንዲስ በተማሪነቱ ዘመን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከቤንትሊ ዘንድ ተምሯል። ኋላም ጃቫ ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚታደለውን ይህንኑ የፍለጋ ፕሮግራም ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያህል የተደበቀ ስሕተት እንደ ነበረ፣ ቤንትሊ በመጽሐፉ ያወጣው መፍትሔም ያው ጉድለት እንዳለበት ለሕዝብ አስታወቀ። ስሕተቱ ያለው ፊተኛንና ኋለኛን ከመደመሩ ላይ ነው። በብዙ ኮምፒዩተሮች አንድ የተለመደ ቍጥር ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ መጠን 2,147,483,647 ነው። ዝርዝሩ እጅግ ሲረዝም የሁለቱ ድምር ከዚህ ያልፍና ቍጥሩ ተገልብጦ ከዜሮ በታች ይሆናል። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ ከኋለኛው ፊተኛውን ቀንሶ፣ ልዩነቱን ለ2 አካፍሎ፣ በፊተኛው ላይ መደመር። ስለዚህ ተማሪ መምህሩን ያረመው ከእርሱ በተማረው በዚያው የመመርመር ልማድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስ። አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ማዳበሪያ የሚረከቡትን የ4,000 አባሎች ስም በኮምፒዩተር መዝገብ ያዘ እንበል። ጸሓፊው የአንዱን ገበሬ ስም «ኃይሉ» ብሎ መዘገበ። በማደያው ቀን የተቀመጠው ሌላ ሠራተኛ «ሀይሉ» ብሎ ፈለገ። በጆሯችን ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በፊደል ተራ ሀ አንደኛ፣ ሐ ሦስተኛ ሲሆኑ ኀ ከእነርሱ ርቆ ይገኛል። ስለዚህ እየከፈለ የሚፈልገው ፕሮግራም ወደ መዝገቡ መጀመሪያ ይሄድና ስሙ የለም ብሎ ይመልሳል። ከሊበን ገጠር አህያውን እየነዳ የመጣው ሰው «አባቴ፣ ስምዎ የለም» ተብሎ ባዶውን ይመለሳል ማለት ነው። ፕሮግራሙ አልተሰበረም፤ ማሽኑም አልተበላሸም። የጐደለው የጸሓፊው አሳብ ነው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ተመሳሳይ ችግር ያመጣሉ። ጠንቃቃ ባለሙያ የሰውዬውን ስም እንደ ተጻፈ ያኖርና፣ ለፍለጋ ብቻ እነዚህን ፊደሎች ወደ አንድ የሚመልስ ሁለተኛ መዝገብ ይሠራል።

የዘመን አቈጣጠራችንም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓመታችን 13 ወራት አሉት፤ ጳጉሜን ብዙ ጊዜ 5 ቀን ሲሆን፣ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ 6 ቀን ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበረ። ይህችን ስድስተኛ ቀን የዘነጋ ፕሮግራም ሦስቱን ዓመት በደኅና ሠርቶ በአራተኛው ይሳሳታል። በዚያች ቀን የተወለደ ሕፃን በመዝገቡ ላይ የልደት ቀን ያጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ አይነግረንም፤ እኛው ማሰብ አለብን።

በኢትዮጵያ ውስጥ ፕሮግራም ማስተማር ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ገበያ የተባለው ድርጅት ሥራውን የጀመረው የፕሮግራም ባለሙያዎችን በማሠልጠንና ከሥራ ጋር በማገናኘት ነው። ከአፍሪካ ወደ ሲሊኮን ቫሊ የተባለውም ማኅበር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ልክ እንደዚህ ባለው የእርምጃ ቈጠራና የፍለጋ ጥበብ አሠልጥኗል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ሰዎችን በኢንተርኔት ፕሮግራም ለማስተማር የታቀደ ሥራ ጀምሯል። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን እንደ እኔ አሳብ ብዙ ሰው በጀማሪው ትምህርት ብቻ ቢቀር፣ የሚጻፈው ፕሮግራም ይበዛል እንጂ የሚታመነው አይበዛም። ስለዚህ ለጀማሪዎች በር እንደ ተከፈተ ሁሉ፣ ሥራ ለያዙትም የማስመስከሪያ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል።

እናንት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ! ብዙዎቻችን ኮምፒዩተር በቤታችን የለንም፤ መብራት የሚጠፋበት፣ ኢንተርኔትም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ የዚህ ሙያ ልብ በማሽኑ ውስጥ አይደለም። የክፍላችሁን ስም ዝርዝር ውሰዱና ከላይ የተናገርኩትን ፍለጋ በደብተራችሁ ጻፉት። ከዚያ አምስት ጥያቄ ጠይቁት። ዝርዝሩ ባዶ ቢሆንስ? አንድ ስም ብቻ ቢኖርስ? የሚፈለገው የመጨረሻው ስም ቢሆንስ? ስሙ ከነጭራሹ ባይኖርስ? አንድ ስም ሁለት ጊዜ ቢጻፍስ? ለአምስቱም እውነተኛ መልስ የሚሰጥ ትእዛዝ የጻፈ ተማሪ፣ ኮምፒዩተር ባገኘ ቀን የሚቀረው ቋንቋውን መልመድ ነው። ደብተሩን ለጓደኛው ሰጥቶ «ስሕተት ፈልግልኝ» ለማለት ያላፈረ እንደ ሆነ ደግሞ የሙያውን ከፍተኛ ትምህርት ከዛሬው ጀምሯል።