ልጁ ከመተኛቱ በፊት

ልጄ፣ እጅህ ፈጣን ነው፣ ልብህም ቅን። የምፈራልህ ጥድፊያህን ነው። ለሕፃናት ከማደንዘዣ በፊት ስለሚሰጠው ማረጋጊያ የምልህን ስማኝ።

1. መድኃኒቱን ከማንሳትህ በፊት ልጁን እየው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናቱ እቅፍ ሲወስዱት እምብዛም አይረበሽም፤ ማረጋጊያ አያሻውም። የሚጨነቀው ሰው መለየት የጀመረው ነው። ከእነዚህም መካከል እናቱ አጠገቡ ስትሆን ብቻ የሚረጋጋ አለ።

2. በሚዛን መዝነው። እናት «12 ኪሎ ነው» ብትልህ አመስግናትና ራስህ መዝነው። በአፍ የሚሰጥ ሚዳዞላም ለአንድ ኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ ለ12 ኪሎው 6 ሚሊግራም። ልጁ ቢገዝፍም ከ20 ሚሊግራም አትለፍ። ዓይን ሲሳሳት የሚከፍለው ትንፋሽ ነው። መራራ ስለሆነ በጥቂት ጣፋጭ ሽሮፕ ስጠው። ግማሹን ቢተፋው ግን በግምት አትድገምለት፤ ምን ያህል እንደዋጠ አታውቅም።

3. ሰዓቱን ጠብቅ። መድኃኒቱ ተውጦ እስኪሠራ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በጀማሪነቴ፣ ተራው ረዝሞ ሁሉም ሲያጣድፈኝ፣ አንድ የአራት ዓመት ልጅ በዋጠ በሰባት ደቂቃ ወሰድኩት። የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ይዞ አለቀቀም፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታናቸው። ማስኩን ሲያይ ጮኸ፣ ምራቁ ጉሮሮው ላይ ተጠራቀመ፣ አተነፋፈሱም አስደነገጠን። ቀዶ ጥገናው አጭር ነበርና ሲያልቅ ደግሞ መድኃኒቱ ገና መሥራቱ ነበር፤ አልነቃ አለ። በእጄ ያለው መድኃኒት ትክክል ነበር፣ ያጣሁት ደቂቃ ነው።

4. የዋጠ ልጅ ያለ ጠባቂ አይቀመጥ። እናቱ «ተኛልኝ» ብላ ደስ ይላታል፤ አንተ ደረቱን እይ። ኦክስጅን፣ አምቡ ባግ፣ ማስክና ሳክሽን አጠገብህ ይሁኑ።

5. ሌሊት ያንኮራፋል ወይ ብለህ እናቱን ጠይቅ። «ትንፋሹ ቁርጥ ይላል» ካለችህ፣ ቶንሲሉ የአየር መንገዱን አጥብቦት ይሆናልና ማረጋጊያውን ተወው። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስታውከውንና የሚያንቀላፋውንም እንዲሁ።

6. አትሮፒንን በልማድ አትስጥ። ልማዱ የመጣው ምራቅ ከሚያበዛው ከኤተር ዘመን ነው፤ ላብ ስለሚቀንስ ትኩሳት ላለበት ልጅ ይከፋል። ኬታሚን ከሰጠህና ምራቁ ካስቸገረ ግን ያገለግልሃል።

7. ለእናቱ አስቀድመህ ንገራት። ዓይኑ ይከብዳል፣ ሊቀባጥር ይችላል፣ አንዳንዱም ከመረጋጋት ይልቅ ይበሳጫል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ መጠን አትጨምርበት። ከዋጠ በኋላ እቅፏ ላይ ወይም አልጋ ላይ ይሁን እንጂ መሬት ረግጦ አይሂድ።