«ደግ ቀን» በእንግሊዝኛና በአማርኛ

እንግሊዞች ፀሐይ በወጣች ቀን በመንገድ ሲገናኙ «ላቭሊ ዴይ፥ ኢዝንት ኢት?» ይባባላሉ። ቃል በቃል ሲተረጐም «ያማረ ቀን ነው፤ አይደለምን?» ማለት ነው። ነገር ግን ተማሪ ይህን «ደግ ቀን ነው» ብሎ ቢተረጕመው ምሥጢሩን ያበላሸዋል። በአማርኛ ደግ ቀን ማለት ጥጋብና ሰላም የሆነበት ዘመን ነው። ክፉ ቀን የተባለውም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ከብቱ በበሽታ፥ ብዙ ሕዝብም በራብ ያለቀበት ዘመን ነው እንጂ ሰማዩ የጠቈረበት ዕለት አይደለም። የእንግሊዙ ቃል ግን የሚናገረው ስለ ዕለቱ ሰማይ ብቻ ነው።

የዚህም ምክንያት የአገሩ ጠባይ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚመጣው ነፋስ ደመናና ዝናም በዓመቱ ወራት ሁሉ ስለሚያመጣ፥ በዚያ አገር ብሩህ ቀን እንደ ስጦታ ይቈጠራል። በኢትዮጵያ ግን በሐምሌ ዝናም ቀርቶ ፀሐይ ቢበረታ ገበሬው ይጨነቃል እንጂ ደስ አይለውም።

ዳግመኛም በመጨረሻ ያለው ጥያቄ ለመመርመር የተጠየቀ አይደለም። «እንደምን አደሩ?» የተባለ ሰው ቢያመውም እንኳ አስቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚል፥ እንግሊዙም «ዬስ፥ ኢት ኢዝ»፥ ይኸውም «አዎን፥ ነው» የሚል መልስ ይጠብቃል። ዝም ያለ ወይም የተከራከረ ሰው ሰላምታ እንደ ነሣ ይቈጠራል።

ስለዚህ መምህሩ «ዛሬ ሰማዩ ብሩህ ነው» ብሎ ያስተርጕም፤ መልሱንም አብሮ ያስጠና። ቃልን ያወቀ ሁሉ ሰላምታን አያውቅምና።