ሁለቱም ጫፉ አንድ ስዊች ላይ የተሰካ ኬብል

ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ተነሥቶ ደባርቅ የገባ ባለጉዳይ መስኮቱ ጋ ደርሶ «ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» ሲባል፣ ያቺ ነገ ለእሱ የአልጋና የምግብ ወጪ ናት። ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስለሆነች ይህን የሚሰማው ሰው ብዙ ነው። በደባርቅና በዳባት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ኔትወርክ ለምትይዙ ባልደረቦቼ የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ችግሩ ሁልጊዜ ከውጭ መስመር አይመጣም። አንዳንዴ የገዛ ጠረጴዛችን ሥር ነው ያለው።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ቢሮ ሲጸዳ ወለል ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ ተገኘ። ያገኘው ሰው የተነቀለ መስሎት በቅንነት ባዶ ቀዳዳ ፈልጎ ሰካው። ሌላው ጫፍ ግን እዚያው ስዊች ላይ ነበር። ወዲያው የሕንጻው ኔትወርክ በሙሉ ቆመ። እኔም ግማሽ ቀን ራውተር ሳጠፋና ሳበራ ዋልኩ። በመጨረሻ ዓይኔ ስዊቹ ላይ ሲያርፍ መብራቶቹ ሁሉ በአንድነት፣ ያለ ዕረፍት ይርገበገባሉ። ይህን ምልክት ያየ ሰው ራውተሩን ይተውና ኬብል ይከተል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአይፒ ፓኬት የዕድሜ ቁጥር ይዞ ይጓዛል፤ በየራውተሩ አንድ እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። የኢተርኔት ፍሬም ይህ ቁጥር የለውም። ለሁሉም የተላከን ፍሬም ስዊቹ ከገባበት በቀር በሁሉም ፖርት ያስወጣዋል። መንገዱ ቀለበት ከሠራ ፍሬሙ ዞሮ ይመለሳል፣ ይባዛል፣ እንደገና ይዞራል፤ ለሥራ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። ራዲያ ፐርልማን ስፓኒንግ ትሪን በ1985 እ.ኤ.አ. የነደፈችው ለዚህ ነበር። ስዊቾች ቢፒዲዩ የሚባል አጭር መልእክት በየ2 ሰከንዱ ይለዋወጣሉ፣ አንዱን ሩት አድርገው ይመርጣሉ፣ ቀለበት የሚፈጥረውን መንገድ ይዘጋሉ።

በነባሩ አሠራር አንድ ፖርት ሥራ ከመጀመሩ በፊት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ በዚያ 30 ሰከንድ ውስጥ አድራሻ ጠይቆ መልስ ሊያጣ ይችላል። ሠራተኛው ይማረራል፤ ባለሙያው ደግሞ ተሰላችቶ ስፓኒንግ ትሪን ጭራሽ ያጠፋዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ይልቅ ፖርቶቹን ለዩ። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ስልክ የሚሰካባቸው «ወደ ሰው» ናቸው፤ ሌላ ስዊች የሚሰካባቸው «ወደ ስዊች»። በፕላስተር ጻፉባቸው። ወደ ሰው የሚሄዱትን ብቻ ሲስኮ ላይ ፖርትፋስት፣ ሁዋዌ ላይ ኤጅድ ፖርት አድርጓቸው፤ ሳይጠብቁ ሥራ ይጀምራሉ። ይህን ስታደርጉ ግን ቢፒዲዩ ጋርድንም አብራችሁ አብሩ፤ ሁዋዌ ላይ ለመላው ስዊች አንዴ ነው የሚታዘዘው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቀዳዳ ቢፒዲዩ ከገባ ፖርቱ ራሱን ይዘጋል፣ ሌላው ቢሮ ሥራውን ይቀጥላል። የተዘጋው ፖርት በራሱ ይከፈት ወይስ አይከፈት? እናንተ ደባርቅ፣ ስዊቹ ዳባት ከሆነ ይከፈት እላለሁ። ሲስኮ ላይ ይህን ስታዙት በ300 ሰከንድ ይሞክራል፤ ቀለበቱ ገና ካለ ጋርዱ መልሶ ይዘጋዋል። ስዊቹ አጠገባችሁ ከሆነ ግን ምክንያቱን ሳታገኙ አትክፈቱ።

የሩቱ ምርጫም ለዕድል አይተው። ስፓኒንግ ትሪ ያላቸው ስዊቾች ከፋብሪካ ሲወጡ ቅድሚያቸው በተለምዶ 32768 ነው፤ እኩል ሲሆኑ ዝቅተኛ የማክ አድራሻ ያለው ያሸንፋል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ የተረሳው አሮጌ ስዊች ነው። ዋናውን 4096፣ ተጠባባቂውን 8192 አድርጉ። ትንሹ ቁጥር ነው የሚመረጠው። ዋናውን ዩፒኤስ ላይ አስሩት፤ ሩቱ ከመብራት ጋር የሚጠፋበት ኔትወርክ መብራት በሄደ ቁጥር አዲስ ምርጫ ውስጥ ይገባል።

ከገበያ የሚገዙት ባለ5 እና ባለ8 ቀዳዳ ትንንሽ ስዊቾች የተለየ ጣጣ አላቸው። ቢፒዲዩ አይልኩም። አንዳንዶቹ ያሳልፉታል፤ ቀለበት የሠራ ሰው ቢኖር መልእክቱ ዞሮ ዋናው ስዊች ጋ ይመለስና ጋርዱ ይይዘዋል። አንዳንዶቹ ግን ይውጡታል፤ ያኔ ጋርዱ ምንም አያይም። ስለዚህ እነሱ በተሰኩበት ፖርት ላይ ስቶርም ኮንትሮል ጨምሩ፤ የብሮድካስቱ መጠን ከወሰናችሁት ሲያልፍ ይገታዋል።

ሁሉን ስትጨርሱ ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት፣ ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ፣ ራሳችሁ ኬብሉን ሁለቱንም ጫፍ ስኩት። ፖርቱ መዘጋቱን እዩ፣ አጠገቡ ያለው ኮምፒውተር መሥራቱን አረጋግጡ። ከዚያ ቅንብሩን ሴቭ አድርጉ። ሲስኮና ሁዋዌ ላይ ሴቭ ያልተደረገ ቅንብር በስዊቹ ጊዜያዊ ማስታወሻ ብቻ ነው ያለው፤ ማታ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ጠዋት ስትገቡ ስዊቹ ትናንት እንዳልነካችሁት ሆኖ ይጠብቃችኋል።