ቀዩን የውኃ ተርብ እንወቅ

ዶሃ ወንዝ የላትም። በየመናፈሻው ግን ሰው ሠራሽ ኩሬ አለ። በእንዲህ ያለው ኩሬ ዳር፣ ለምሳሌ በአስፓየር ፓርክ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 2 እስከ 4 ሰዓት የተቀመጠ ሰው እንደ በርበሬ የቀላ የውኃ ተርብ ሊያይ ይችላል። በሳይንስ ክሮኮቴሚስ ኤሪትራያ ይባላል፤ ስያሜው የ1832 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለተኛው ቃል በግሪክ «ቀይ» ማለት ሲሆን የኤርትራም ስም ከዚያው ሥር የመጣ ነው። ይኸው ተርብ በአገራችንም ይገኛል። ስሙ ተርብ ይባል እንጂ አይነድፍም፤ መንደፊያም የለው።

በሕክምና ትምህርት ከመንካት በፊት መመልከት ይቀድማል፤ እዚህም ደንቡ ያው ነው። ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሴቷ ቡናማ ቢጫ ናት፣ ወጣቱም ወንድ እንደ እርሷ ነው። በተለምዶ ጅራት የምንለው ሆዱ ሰፋና ጠፍጠፍ ያለ መሆኑን፣ በኋለኛው ክንፍ ሥርም የማር ቀለም ያለው ነቁጥ መኖሩን እዩ። የበሰለው ወንድ እግሩ ሳይቀር ቀይ ነው። ሐምራዊ ቅላት ያለው ዘመዱ ግን እግሩ ጥቁር ነው።

እየተከተሉ መሮጥ አያስፈልግም። ከሸምበቆ ጫፍ ተነሥቶ ያደነውን ይዞ ብዙውን ጊዜ ወደዚያው ይመለሳል። ሙቀቱ ሲበረታ ሆዱን ወደ ፀሐይ ይቀስራል፤ ገላው ላይ የሚያርፈው ጨረር በዚህ ይቀንሳል።

ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ውኃ ውስጥ ያለው እጩ ነው። የሚተነፍሰው በፊንጢጣው ውስጥ ባሉ ስንጥቦች ነው (የሰውነት ጥናት መምህሮቻችን ይህን ቢሰሙ!)። የታችኛው ከንፈሩ እንደ ክንድ ተወርውሮ የትንኝ እጭ ይይዛል። በሸምበቆ ግንድ ላይ ደረቅ ቅርፊቱ ከተገኘ ተርቡ በዚያው ኩሬ አድጓል ማለት ነው።

በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በምያንማር ያንጎን ከተማ የቅርብ ዘመዱ እጮች በየቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ ተጨምረው የደንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋን ትንኝ ቀንሰዋል። ሆኖም እጮቹን ያስገባቸው ሰው ነው፤ ተርቡ ራሱ ወደ ተከደነ በርሜል ገብቶ እንቁላል አይጥልም። በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው፣ በ2022ቱም የድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ስሟ የተነሣው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ደግሞ የምትራባው በተለይ በበርሜልና በታንከር ነው። ስለሆነም እዚያ ቀድሞ የሚያስፈልገው በደንብ የሚገጥም ክዳን ነው።