የጤና ተቋማት በማኅበራዊ ሚዲያ የኅብረተሰቡን አመኔታ ስለሚጠብቁበት መንገድ

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ወዲህ ሐሰተኛ ወሬም በፌስቡክና በቴሌግራም አብሮ ተሰራጭቷል። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ «ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው በሽታው ይይዘዋል» የሚል አንድ ጽሑፍ ነፍሰ ጡርን ከክትትል፣ ሕፃንን ከክትባት ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም የጤና ተቋም፦

1. ለወሬው በዕለቱ፣ ያለ ቁጣ ምላሽ ይስጥ፤ ቅሬታው እውነት ከሆነ ስሕተቱን አምኖ እርምቱን ይግለጽ።
2. ስሙን ለመከላከል ሲል እንኳ የታካሚን ስም፣ ምስልና የምርመራ ውጤት አያውጣ።
3. መልእክቱን በአማርኛና በአዊኛ ያዘጋጅ፤ ስልክ ለሌላቸው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት ያድርስ።

ኅብረተሰቡም የሰማውን ከማጋራቱ በፊት በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ደውሎ ያረጋግጥ።