ከአድካሚ ሥራ በፈቃድ ስለ መሰናበትና ጤናን ስለ መጠበቅ

ሰው በሥራው ይከበራል፤ ሥራው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ዘወትር ሲያስጨንቀው ግን ሰውነቱ ይጎዳል። እንቅልፍ ማጣት፥ ራስ ምታት፥ የልብ ትርታ መፍጠን፥ በትንሽ ነገር መቆጣትና ከመኝታ ደክሞ መነሣት ምልክቶቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ይህን ዝለት ከሥራ የሚመጣ ሁኔታ እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም ብሎ አስፍሮታል።

በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነትና በአካባቢያቸው ባሉ የቡና ከተሞች ድካሙ የሚበረታው በለቀማ ወራት ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት፥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በመፈልፈያ ጣቢያዎች ሥራው እስከ ሌሊት ይዘልቃል፤ የሚመዝነው፥ የሚመዘግበውና ገንዘብ የሚከፍለው ሠራተኛም አብሮ ያመሻል። በዚህ ጊዜ ሥራን ለመልቀቅ ማሰብ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን በድካም ሰዓት የተፈረመ የስንብት ማመልከቻ ቤተ ሰብን ሊጎዳ ስለሚችል፥ አስቀድሞ የሚከተሉትን ማስተዋል ይገባል።

1ኛ/ ሐኪም ዘንድ መቅረብ። ከላይ የተቈጠሩት ምልክቶች ከደም ማነስ፥ ከስኳር በሽታ፥ ከእንቅርት ዕጢ መታወክ ወይም ከድባቴ ሊመጡ ይችላሉ፤ እነዚህም ሥራ በመልቀቅ ብቻ አይድኑም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። ምርመራው ለመብትም ይጠቅማል። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ በጤና ጉድለት ለሥራ ብቁ አለመሆኑ በሐኪሞች ቦርድ ከተረጋገጠ፥ የጡረታ ዕድሜው እስኪደርስ ሳይጠብቅ አበል ያገኛል። ሕመሙን ሸሽጎ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው ግን ይህን መብት በገዛ እጁ ሊያጣ ይችላል።

2ኛ/ አበልን ማስላት። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 የጡረታ መውጫውን ዕድሜ 60 ዓመት አደረገ፤ 25 ዓመት አገልግሎ በፈቃዱ ለሚወጣ ሰው ደግሞ አበሉ ከ55 ዓመቱ ጀምሮ እንዲከፈለው ፈቀደ። የአበሉም ልክ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት ከመጨረሻው 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 ከመቶ ሆኖ፥ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመርበት ነበር። በዚህ ስሌት 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 48.75 ከመቶ፥ 30 ዓመት ያገለገለ 55 ከመቶ ያገኛል። እንበልና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ 25 ዓመት አገልግሎ በ50 ዓመቱ ቢለቅ፥ 5 ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝና ያለ አበል ይቆያል ማለት ነው። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ስለ ተተካ፥ የግል ድርጅት ሠራተኞችም የራሳቸው አዋጅ ስላላቸው፥ ማንም ሰው ከመፈረሙ በፊት የራሱን ሒሳብ ከጡረታ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ።

3ኛ/ የቤት ወጪን በክረምት መለካት። በኅዳርና በታኅሣሥ በቡና ከተሞች ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ይመነምናል። ስለዚህ አበሉ ለኑሮ ይበቃ እንደ ሆነ የሚታወቀው በነሐሴ ወጪ ሲመዘን ነው። የቡና ችግኝም ፍሬ እስኪሰጥ ከ3 እስከ 4 ዓመት ይፈጃል፤ በማሳው ሊተዳደር ያሰበ ሰው ገና በደመወዝ ሳለ ሊተክል ይገባዋል።

4ኛ/ ከስንብት በኋላ ሥርዓት መያዝ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ መዋል ብቻ ዕረፍት አይደለም። በተወሰነ ሰዓት መተኛትና መነሣት፥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ፥ ከዕድርና ከጎረቤት አለመለየት መንፈስን ያበረታል። ጊዜን በጫትና በመጠጥ ማሳለፍ ግን እንቅልፍን ያውካል፤ ሥራው ያመጣውን ጉዳት በሌላ ጉዳት መተካት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ጤናን ለማዳን ከሥራ መውጣት ሽንፈት አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፦ አስቀድሞ ሐኪም፥ ቀጥሎ የጡረታ መሥሪያ ቤት፥ ከዚያም ከትዳር ጓደኛ ጋር ምክክር፤ ፊርማው የመጨረሻ ይሁን።