ከጅራት ሥር፦ የውሻን ኋላ በንጽሕና ለመያዝ

በጉራጌ ጉንችሬ አካባቢ ውሻ ቀን ጀፎረው (የመንደሩ ሰፊ ሣራማ መንገድ) ላይ ከልጆች ጋር ሲሯሯጥ ይውላል፣ ማታ አጥር ሲጠብቅ ያድራል። ጅራቱን ገልጦ የሚያይለት ግን ጥቂት ነው። ጠጉሩ ረጅም የሆነ ውሻ ተቅማጥ ሲይዘው ኩሱ እዚያው ይጋገራል፤ ጭጎጎት ሲጨመርበት ቆዳውን እየሳበ ያቆስለዋል። በክረምት ደግሞ ዝንብ እርጥበቱ ላይ እንቁላል ይጥልበታል።

ፀሐይ የወጣበትን ቀን ይምረጡ። ለብ ያለ ውሃ፣ ለስለስ ያለ የገላ ሳሙና፣ ጫፉ ዱልዱም መቀስ፣ ማበጠሪያ፣ አሮጌ ጨርቅና ጓንት ያዘጋጁ፤ ጓንት ከሌለ ያልተቀደደ ፌስታል እጅ ላይ ማጥለቅ ነው። ከሥሩ ሰፊ የእንሰት ቅጠል ያንጥፉ፤ የሚወድቀው ሁሉ እዚያ ላይ ይቀርና ሲጨርሱ ጠቅልለው ይቀብሩታል። ልጆች ራቅ ይበሉ።

ውሻው የሚያምነው ሰው አንገቱን ይዞ ያባብለው። ገር ውሻም ቢሆን እዚያ ሲነካ ሊናከስ ስለሚችል አፉን በለስላሳ ጨርቅ አስረው ጫፉን ከጆሮው ኋላ ይቋጥሩ። የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን አፉ አይታሰርም። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የተድበለበለውን ጠጉር ገና ደረቅ ሳለ ይቁረጡ፤ ውሃ ከነካው ይብሱን ይጠብቃል። ማበጠሪያውን በቆዳውና በድብልብሉ መካከል አስገብተው መቀሱን ከማበጠሪያው በላይ ያስኪዱ። እዚያ ያለው ቆዳ ስስ ነው፣ ከጠጉሩ ጋር ተስቦ ሊቆረጥ ይችላል። የተጋገረው ኩስ ላይ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ይያዙበት፣ ሲላላ ይለቃል። ከዚያ ማጠብ፣ ሳሙናው እስኪለቅ ማለቅለቅ፣ በደንብ ማድረቅ። ሴት ውሻ ከሆነች ከፊንጢጣዋ ወደ ብልቷ አይጥረጉ። በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የሰብል ፀረ ተባይ የትኛውንም ውሻ በፍጹም አይንካ፤ ሲልሰው ይመረዛል።

ትል የሚርመሰመስበት ቁስል ካዩ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱ። ቂጡን መሬት ላይ የሚጎትት ውሻም ምክንያት አለው። ከፊንጢጣው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ተደፍነው ይሆናል፤ በዘፈቀደ አይጭመቋቸው፣ ሊፈነዱ ይችላሉ። ጠጉሩ ላይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ከታየ የኮሶ ትል ነው፤ ይህኛው ከቁንጫ ስለሚመጣ ቁንጫው ካልጠፋ ትሉ ይመለሳል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመስቀል ሰሞን ነው። በየቤቱ በሬ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይወረወራል። በዚያ ውስጥ ያለው ጥገኛ ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ከኩሱ ጋር እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም፤ ከጅራት ሥር ካለው ጠጉር ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ የሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። መታጠቡ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ፕራዚኳንቴል ይስጠው፣ ውሻውን የነካ እጅም ሁሉ በሳሙና ይታጠብ።

እባክዎ ለመጪው መስቀል ውሃ የቋጠረው ሳንባና ጉበት የሚቀበርበትን ጉድጓድ ከእርዱ በፊት ያስቆፍሩ፤ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጠለቅ ይበል።